ታራሚን መጠየቅ፦ ለጎጃም በጎ ፈቃደኞች፣ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መፈቻው

ጥር ላይ አዝመራው ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ የእስረኛ ዘመድም ስንቁን ተሸክሞ ከየገጠሩ ይመጣል። በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ማኅበራት ድፎ ዳቦና ወጥ አስጭነው የማረሚያ ቤቱን በር ያጨናንቁታል። ሐምሌ ላይ ግን ያ ሁሉ ሰው የለም። ገበሬው እርሻና አረም ላይ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ጎተራው ተሟጧል። ደብረ ማርቆስን የመሰለ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ከተማ ውስጥ የክረምቱ ብርድ ምን እንደሚመስል ለአገሩ ሰው አይነገረውም። እስረኛ በጣም የሚራበውና በጣም የሚበርደው፣ ጠያቂም የሚያጣው በዚያው ወቅት ነው።

ስለዚህ ታራሚ ለመጠየቅ ካሰባችሁ ዕቅዳችሁን ከሐምሌና ከነሐሴ ጀምራችሁ ወደ በዓላቱ ቁጠሩት። በአንዲት የጽዋ ማኅበር ውስጥ ሆኜ ለዓመታት ስጠይቅ የተማርኩትን ከዚህ በታች እጽፋለሁ። አገልግሎቱን ለመጀመር ለሚያስቡም፣ ዘመድ ታስሮባቸው ግራ ለገባቸውም ይሆናል።

መጀመሪያ፦ ቀን ቁረጡ

ብዙ ማኅበር የሚጀምረው ገንዘብ በማዋጣት ነው። እኔ ግን አስቀድማችሁ ቀን እንድትቆርጡ እመክራለሁ። አራት ወይም አምስት ሰው ሁኑ፤ በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ የወሩን ሁለተኛ ቅዳሜ ምረጡ፤ በዚያ ቀን ቢያንስ ሁለታችሁ እንደምትገኙ ተስማሙ። አንዱ ቢታመም ሌላው ይሂድ። በዓመት አንዴ በሬ አርዶ ከሚጠፋ ማኅበር ይልቅ በየወሩ አንድ ኪሎ በሶ ይዞ የማይቀር ሰው ይሻላል።

ይህን የምለው አጥፍቼ ስላየሁት ነው። ከብቸና በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ታራሚ፣ ልጃቸውን ፈልጌ መልእክት እንዳደርስላቸው ለመኑኝ። «እሺ አባቴ፣ በሚመጣው ቅዳሜ መልሱን ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው። የሠርግና የልቅሶ ነገር ተደራረበብኝና የሄድኩት ከሁለት ወር በኋላ ነበር። አብሯቸው የሚያድረው ልጅ እንደነገረኝ፣ በየቅዳሜው ጋቢያቸውን አጣፍተው የጠያቂ ስም የሚጠራበት ቦታ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ሲያዩኝ አልወቀሱኝም። «መንገዱ ተዘግቶባችሁ ነው ብዬ ነው» አሉኝ። ለእኔ ምክንያት ፈልገውልኝ ነበር የጠበቁኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዮሴፍ በእስር ቤት ሳለ የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ «በጎ ነገር በሆነልህ ጊዜ አስበኝ» ብሎት ነበር። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ረሳው፣ ዮሴፍም ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆየ። በማኅበራችን አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የምናነብለት ይህን የዘፍጥረት ምዕራፍ 40 ነው። በጎ ፈቃደኛ እስረኛን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን በመርሳት ነው። ደጅ ላይ እንደዋዛ የተነገረ «እናያለን» ውስጥ ገብቶ የወር ተስፋ ይሆናል። የማትችሉትን «አልችልም» በሉ፤ የምትችሉትን ደግሞ በማስታወሻ ደብተር ጻፉት፦ የለመናችሁ ታራሚ ስም፣ ጉዳዩ፣ ቃል የተገባበት ቀን፣ የተፈጸመበት ቀን። አራተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ወር ካለፈው ማኅበሩ ይነጋገርበት።

ፈቃድና በር

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና ተፈርዶባቸው የታሰሩ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ የመያዝ፣ ከትዳር ጓደኞቻቸው፣ ከቅርብ ዘመዶቻቸው፣ ከጓደኞቻቸው፣ ከሃይማኖት አማካሪዎቻቸው፣ ከሐኪሞቻቸውና ከሕግ አማካሪዎቻቸው ጋር የመገናኘትና የመጎብኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህን በር ላይ ለመከራከሪያ ከማንሳት ይልቅ ለማመልከቻችሁ መነሻ አድርጉት።

አንድን ሰው ለመጠየቅ የታደሰ መታወቂያና የታራሚው ሙሉ ስም ከነአባትና ከነአያት ብዙ ጊዜ ይበቃል። እንደ ማኅበር ለመግባት ግን ከደብራችሁ ሰበካ ጉባኤ፣ ከመስጊዱ ኮሚቴ ወይም ከምትሠሩበት ድርጅት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤው የሰዎቹን ስም፣ የምትመጡበትን ቀን፣ የምታመጡትንና የምታደርጉትን በግልጽ ይዘርዝር። አስተዳደሩ ዘንድ ስትቀርቡ አራት ነገር ጠይቁ፦ የጥየቃ ቀንና ሰዓት፣ የሚገባና የማይገባ ዕቃ፣ ገንዘብ በምን መንገድ እንደሚመዘገብ፣ ጠያቂ የሌላቸው ታራሚዎች ስንት እንደሆኑ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ዘመዱ በየሳምንቱ የሚመጣለት ሰው የእናንተ ዳቦ ቢቀርበት አይጎዳም። ከሩቅ አገር ለሥራ መጥቶ የታሰረ፣ ቤተሰቡ የካደው፣ ዘመዶቹ ያለቁበት ሰው ግን ስሙ በድምፅ ማጉያ ተጠርቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ዓመት ለእነዚህ ስጡት።

ከቤት ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ደውላችሁ አጣሩ። መንገድ ተዘግቶ መቅረታችሁ የማይቀር ከሆነ በከተማው ላለ ሰው ነግራችሁ ቢያንስ መልእክት ይድረስ። «ዛሬ አልመጡም፣ ደህና ናቸው፣ በሚቀጥለው ይመጣሉ» የምትል አንዲት ቃል የሳምንት ሐሳብ ታስቀራለች።

ስንቅ አያያዝ

በሶ ከሁሉም ይሻላል። አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። የጮቄ ተራራ ግርጌ ገብስ ካገኛችሁ የታደላችሁ ናችሁ። ነገር ግን አያያዙን እወቁበት። መጀመሪያ ጊዜ አምስት ኪሎ በሶ በአንድ ማዳበሪያ አስሬ ሄድኩ። ፈታሹ አፉን ፈትቶ ረጅም ማንኪያ እስከ ታች ሰደደበት፣ ከዚያ ግማሹን በሌላ ከረጢት ገለበጠው፣ ነፋሱም ዱቄቱን በሰልፈኛው ሁሉ ላይ በተነው። ፈታሹ ሥራውን ነው የሠራው። አሁን በአንድ አንድ ኪሎ፣ ውስጡ በሚያሳይ ፌስታል፣ አፉ በላላ ቋጠሮ፣ የታራሚው ስም በወረቀት ተጽፎ ከላይ ተጣብቆበት ነው የምንይዘው። ፍተሻው በደቂቃ ያልቃል።

ከበሶ ቀጥሎ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ያዙ። ወጥ ከወሰዳችሁ የዕለቱን ብቻ ውሰዱ። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ስለት ያለው ነገር፣ የወታደር ልብስ የሚመስል ጨርቅ አትያዙ። በርበሬና ሚጥሚጣ በዱቄትነቱ የማያስገባ በር ስለሚያጋጥም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ያመጣችሁትን ምግብ ራሳችሁ እንድትቀምሱ ትጠየቃላችሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ 55 ቀን ወይም በፍልሰታ የፍስክ ምግብ ይዛችሁ ብትሄዱ ፈታሹ ፊት ትቸገራላችሁ፤ ውስጥ ያለው ጾመኛም ይቸገራል። በረመዳን ለሙስሊም ታራሚ የምትወስዱት ደግሞ ለማፍጠሪያ የሚሆን ተምርና ሾርባ ይሁን፣ ሰዓቱንም ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋገሩበት።

አንድ ሰው የተሰጠውን ብቻውን አይበላም። ታራሚዎች ማዕድ አብረው የሚቆርሱ ባልንጀሮች አሏቸው። ለአንድ ሰው ስትወስዱ ለአራት እንደሚበቃ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ አለዚያ የወሰዳችሁለት ሰው ራሱ ሳይቀምስ ያድራል።

ለክረምት ብርድ ልብስና ወፍራም ካልሲ፣ ለዓመቱ ሁሉ ደግሞ የልብስ ሳሙና ያዙ። ሳሙና የተናቀች ስጦታ ናት፤ ሰው በተጨናነቀበት ክፍል ውስጥ ቅማል ሲገባ ግን ተስቦና ግርሻ ይዞ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው ጨዋታ

«ምን አድርገህ ነው የታሰርከው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ያለ ሰው ሌላ ሰው በሚሰማበት ቦታ የሚናገረው ነገር ሊጎዳው ይችላል። የተፈረደበትም ቢሆን ያን ጥያቄ ሺህ ጊዜ መልሶታል። የአገሩን ጠይቁት፣ ዝናቡን ንገሩት፣ የጤፍ ዋጋ ስንት እንደገባ፣ የሰፈሩ ታቦት እንዴት እንደነገሠ አውሩት። ገበሬ እስረኛ ከምንም በላይ የሚናፍቀው ወሬ የእርሻ ወሬ ነው። «የእነ እገሌ ማሳ ዘንድሮ ምን ተዘራበት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለጥቂት ደቂቃ አገሩ ገብቶ ይወጣል።

በዕድሜ ለሚበልጧችሁ «አንቱ» በሉ፤ አባ፣ ጋሼ፣ እማማ እያላችሁ አነጋግሩ። እስር ቤት የገባ ሽማግሌን የሃያ ዓመት ልጅ «አንተ» ሲለው አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ። ስትለያዩ «እግዚአብሔር ያስፈታዎ» በሉ፤ ለሙስሊሙ «አላህ ያስፈታህ»። «አሜን» የሚለው ድምፅ ከግቢው ሁሉ ሲመጣ ትሰማላችሁ።

ስልክ ቁጥራችሁን አትስጡ፤ ደብቃችሁ ደብዳቤም ሆነ ገንዘብ አታስገቡ፣ አታስወጡ፣ ምንም ያህል ቢያሳዝን። አንድ ሰው ያን ካደረገ በሩ የሚዘጋው በማኅበሩ ሁሉ ላይ ነው፣ ከዚያም ያ ሁሉ ጠያቂ የሌለው ሰው ይቀራል።

መንፈሳዊው ድጋፍ

«ከእስረኞች ጋር እንደ ታሰራችሁ ሆናችሁ እስረኞችን አስቡ» ይላል የዕብራውያን መልእክት፣ በምዕራፍ 13። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ራሱን ከታሰሩት ጋር ቆጥሯል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በሱረቱል ኢንሳን ምግብን ለድኻ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ ስለሚያበሉ ሰዎች ያነባሉ። ስለዚህ ይህ የአንድ ወገን ሥራ አይደለም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ቄሱም ሼኹም ሲገቡ ደስ ይለኛል።

ስብከቱን የቻላችሁትን ያህል አሳጥሩ። ታራሚ ተነሥቶ መሄድ የማይችል ሰሚ ነው። ይህን ተገን አድርጎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ኃጢአት መናገር ግፍ ነው። ብርድ ልብሱንም ለጉባኤው በመጡት ብቻ ማደል ሰውን በራቡ መግዛት ነው። ስንቁ ለሁሉ ይታደል፣ ጸሎቱ ለፈለገው ይሁን።

ንስሐ የካህን ነው። አንድ ታራሚ ልቡን ሊገልጥላችሁ ሲጀምር በጥሞና ስሙት፣ ነገር ግን «ይህን ለንስሐ አባትህ ንገር» ብላችሁ ካህን አምጡለት። የቀድሞ ንስሐ አባቱ በሕይወት ካሉ ከሌላ ሰው ይልቅ እሳቸውን ፈልጉ። ከአገር ቤት የመጡ አንድ አባት መስቀላቸውን ሲያሳልሙት ያን ሁሉ ጊዜ ሳይነጋገር የነበረ ወጣት እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አይቻለሁ። ቄሱ ያመጡለት ነገር አልነበረም፤ ክርስትና ያነሡት ልጅ መሆኑን ብቻ ነገሩት።

ጎጃም የቅኔ አገር ናት። ከዋሸራ፣ ከጎንጅ፣ ከዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤቶች የወጡ ሊቃውንት ባሉበት ምድር እስር ቤት ውስጥም ዳዊት የደገመ፣ ዜማ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ገብታችሁ ወንበሩን አትውሰዱበት። ፊደል ያልቆጠሩትን እያስተማረ ከሆነ ፊደል ገበታ፣ ደብተርና እስክሪብቶ አቅርቡለት። ውዳሴ ማርያምና መዝሙረ ዳዊት በትልልቅ ፊደል የታተመውን ምረጡ፤ ሽማግሎች መነጽር የላቸውም፣ የክፍሉ መብራትም ደካማ ነው። መነጽር ማሰባሰብ ራሱ አንድ አገልግሎት ነው። ያረጀ ያነበባችሁበትን መነጽር ከየቤቱ ለቅማችሁ ብትወስዱ ከስብከት ሁሉ ይልቅ ሊያስነብብ ይችላል።

ደብዳቤ

መጻፍ ለማይችል ሰው ደብዳቤ ስትጽፉ የሚለውን እንዳለ ጻፉ። እኔ መጀመሪያ ቋንቋውን እያሳመርኩ እጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ ለአንድ አባት የጻፍኩትን አንብቤ ሳሰማቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ ይህን ከሰማች አባቴ አይደለም ብላ ትደነግጣለች» አሉኝ። ወረቀቱን ቀደድኩትና እንደገና ጀመርን፦ «ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ቡሬዋ ወለደች ወይ? ጥጃዋን አጥቢያት፣ ወተቱን አትጨርሺባት።» ደብዳቤው ያን ያህል ብቻ ነበር። መልሱ በወሩ መጣ፤ ላሚቱ ወልዳለች፣ ጥጃዋም ወንድ ነው።

ደብዳቤው በአስተዳደሩ በኩል ይለፍ። የገበያ ቀን እወቁ፤ ሰው ከየቀበሌው ወደ ከተማ በሚወጣበት ቀን የታራሚውን ሰፈር ሰው በገበያው ማግኘት ቀላል ነው። ቤተሰቡ ትራንስፖርት አጥቶ የቀረ ከሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ የመሳፈሪያ ገንዘብ መሸፈን ከብዙ ስንቅ ይበልጣል። በተለይ ልጆች ይምጡ። ከመምጣታቸው በፊት ግን ቤት ምን እንደተነገራቸው ጠይቁ፤ «አባትህ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዷል» የተባለ ልጅ ካለ እናትየዋ እንዴት እንደምትነግረው አብራችሁ ምከሩ።

የሕግ ጉዳይ

ጠበቃ ካልሆናችሁ ምክር አትስጡ፤ ሰውን ከጠበቃ ጋር ግን አገናኙ። ልታውቋቸው የሚገቡት ጥቂት ናቸው። የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጫ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ ይፈቅድለታል። ይግባኝ የጊዜ ገደብ አለው፤ የፍርዱን ግልባጭ አንድ ቀን ሳታድሩ ጠይቁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ጥሩ ጠባይ ያሳየ ፍርደኛ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም 20 ዓመት ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። አመክሮን ፍርድ ቤት ይሰጣል፤ መንግሥት የሚያደርገው ይቅርታ ግን ሌላ መንገድ ነው። ሁለቱን አቀላቅላችሁ ለታራሚው ተስፋ አትስጡ።

ጤናና ሴቶች

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካያችሁ ለማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ይነገር፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ለብዙ ሰው ይተላለፋል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው አቋርጦ እንዳይፈታ፣ ሲፈታም ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ወረቀት እንዲያገኝ ተከታተሉ።

የሴቶች ክፍል ጠያቂው ጥቂት ነው። ወንድ ሲታሰር ሚስቱ ወይም እናቱ ትመጣለች፤ ሴት ስትታሰር የሚመጣላት ብዙ ጊዜ የለም። የንጽሕና መጠበቂያ፣ የውስጥ ልብስ፣ ሕፃን ይዛ ለታሰረች ደግሞ ወተትና የሕፃን ልብስ ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርሱት ከማኅበራችሁ ሴቶች ይሁኑ።

ሥራ

የሸማ ሥራ በሚፈቀድባቸው ማረሚያ ቤቶች ድርና ማግ አቅርቡ፣ የተሠራውን ጋቢም በትክክለኛ ዋጋ ግዙ። ለምጽዋት ብላችሁ ካስፈላጊው በላይ አትክፈሉ፤ ሸማኔ ሥራው በዋጋው ሲሸጥ ነው የሚኮራው። የሠርግ ወቅት ከመድረሱ በፊት ትእዛዝ አሰባስቡ።

መፈቻው፣ ከዚያ በፊትም እርቁ

በአገራችን ብዙ ሰው የታሰረው በድንበር፣ በውኃ፣ በከብት ተጣልቶ ነው፤ ነፍስ ያጠፋውም ብዙ ጊዜ ያጠፋው የጎረቤቱን ነው። ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ የሚመለሰው ወደዚያው ቀበሌ፣ ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ደሙ ሳይደርቅ ከተመለሰ ወይ እርሱ ይሞታል፣ ወይ ልጁ። ስለዚህ የመፈቻ ዝግጅት ከመፈቻው ቀን ሁለት ዓመት ቀድሞ ይጀመር።

ሽማግሌ እናንተ አትሁኑ። ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸውን የአገሩን ሽማግሎችና ካህናት ፈልጉ፤ የእናንተ ሥራ መልእክት ማድረስና መጓጓዣ መሸፈን ነው። ደግሞ ከታራሚው ዘመዶች በፊት የሟቹን ቤት ጠይቁ። ለገዳይ በሶ ስንወስድ የሟች እናት ቤት ማን ሄደ? እኔ ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ አሁንም ያሳፍረኛል። ስትሄዱ እርቅ አታንሡ። ልቅሶ እንደደረሰ ሰው ተቀመጡ፣ የሟቹን ስም ጥሩ፣ ሲነግሯችሁ ስሙ። አንዳንዱ ቤት ሦስት ዓመት «አንፈልግም» ይላል። መብታቸው ነው። የሽምግልናው ጊዜ ሲደርስ የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው።

ታራሚውንም አዘጋጁት። ካሳ ምን ያህል እንደሚጠየቅ፣ ዘመዶቹ ሊከፍሉ ይችሉ እንደሆነ፣ እርሱ ራሱ ይቅርታ ለመጠየቅ ልቡ መዘጋጀቱን ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ለመፈታት ብሎ የሚታረቅ አለ፣ ይታወቃል፤ ሽማግሎቹ አይተው ይለዩታል። እርቁ ከተፈጸመ በጽሑፍ ይያዝ፣ ሽማግሎቹ ይፈርሙ፤ የይቅርታ ጥያቄ ሲታይም ይጠቅማል። እርቁ ካልሆነ ደግሞ ሌላ አካባቢ ካለ ዘመድ ዘንድ እንዲያርፍ አስቀድማችሁ አመቻቹ።

የመፈቻው ቀን በር ላይ ተገኙ። አንዳንዱ የሚፈታው ታስሮ የገባበትን ልብስ ለብሶ ነው፤ ልብሱ አይሆነውም፣ ጫማውም የለም። አንድ ሙሉ ልብስ፣ ጫማ፣ የመሳፈሪያና የመንገድ ምግብ ያዙ። መታወቂያው ጊዜው ካለፈበት በቀበሌው ለማሳደስ የሚያግዘው ሰው መድቡለት። ብቻውን መኪና ላይ አታሳፍሩት፤ ቢያንስ አንድ ሰው እስከ ቤቱ ይሸኘው። ዐሥር ዓመት የቆየ ሰው የአውቶቡስ መናኸሪያው ግርግር ያስደነግጠዋል፣ የብሩን ዋጋ አያውቅም፣ ከሰው ጋር ሲጋፋ ግድግዳ ይፈልጋል።

ከተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት ግድም ወደ ቤቱ ሂዱ። የመጀመሪያው ሳምንት ዘመድ አዝማዱ ይሞላል፤ በሦስተኛው ቤቱ ጭር ይላል፣ ያኔ ነው የሚከብደው። ስትሄዱ ስንቅ አትያዙ። እንግዳ ሆናችሁ ግቡ፣ መደብ ላይ ተቀመጡ፣ ያቀረበላችሁን እንጀራ ብሉ፣ ቡናውንም እስከ ሦስተኛው ጠጡለት።